ሳንቲምን ለባለሙያ ደረጃ ምደባ መስጠት፦ መቼ ይጠቅማል? የትስ ይሰጣል?



 ለዛሬ የመረጥሁት ርእሰ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የነጋዴና የሰብሳቢ ጉዳይ ይመስላል። ጥያቄው የሚከተለው ነው። አንድ ሰው በእጁ የሚገኘውን አሮጌ ሳንቲም ለዚሁ ሥራ ለተቋቋመ ድርጅት ልኮ ደረጃ ሊያስወጣለት ይገባልን? ይገባል ከተባለስ ለየትኛው ድርጅት፣ በየት አገር?

የኢኮኖሚ ታሪክ መምህር እንደ መሆኔ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ወደ ቢሮዬ ይመጣል። አንዱ ከአያቱ ሣጥን የተገኘ የምኒልክ ብር በመሐረብ ቋጥሮ ያመጣል፤ ሌላዋ ከባሕር ማዶ የማርትሬዛ ፎቶግራፍ ትልካለች። ቀድሞ የሚጠየቀው «ስንት ያወጣል?» የሚል ነበር። አሁን አሁን «ደረጃ ላስወጣለት ወይ?» ሆኗል። ለውጡ ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ ገንዘብ ያስወጣል፤ ሳንቲሙን ከቤት ያስወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ከአገር ያስወጣል። ስለዚህ ከመወሰን በፊት ደረጃ ምን እንደ ሆነና ምን እንዳልሆነ ማወቅ ያሻል።

ሐሳቤን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ደረጃ ለገዢ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። የእኛም ጥያቄ የገዢና የሻጭ ጥያቄ ሲሆን ደረጃ ማስወጣት ሊጠቅም ይችላል። ጥያቄያችን የታሪክ፣ የቤተሰብ ወይም የሕግ ጥያቄ ከሆነ ግን መልሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በንግግሬ ውስጥ «ሳንቲም» የሚለውን ቃል ለማንኛውም ከማዕድን ለተሠራ ገንዘብ፣ ለጠገራ ብርም ለአክሱም ገንዘብም፣ በጠቅላላው እጠቀምበታለሁ።

ደረጃ ከየት መጣ?

ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሠራበት መለኪያ ከ1 እስከ 70 ይደርሳል። መነሻው ዊልያም ሼልደን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪና ሳንቲም ሰብሳቢ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተሙት መጽሐፍ ያቀረቡት ሐሳብ ነው። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ቀደምት የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ሲሆን፣ ቁጥሩም በመነሻው የዋጋ ቀመር ነበር። ደረጃው 1 የሆነው ሳንቲም አንድ ዶላር የሚያወጣ ከሆነ፣ ደረጃው 70 የሆነው አቻው ሰባ ዶላር ያወጣል የሚል ነው። ገበያው ቀመሩን ብዙም ሳይቆይ ተወው፤ ቁጥሩን ግን ያዘው። ይህን ማስታወስ ይጠቅማል፤ ቁጥሩ ከውልደቱ ጀምሮ የገበያ እንጂ የሙዚየም ቋንቋ አልነበረም።

በዚህ መለኪያ 1 ማለት ዓይነቱ ብቻ የሚለይ፣ ጨርሶ የተላጨ ሳንቲም ነው። ከ4 እስከ 10 ባለው እርከን ላይ የሥዕሉ ዋና ዋና መስመሮች ይታያሉ። ከ20 እስከ 35 ያለው በመጠኑ የተሠራበት ሲሆን፣ ከ50 እስከ 58 ያለው ከፍ ከፍ ባሉት ቦታዎች ላይ ብቻ ጥቂት መተሻሸት የነካው ነው። ከ60 በላይ ያለው ከመቅረጫ ቤት እንደ ወጣ የቀረ፣ በእጅ ዝውውር ያልተላጨ ነው። በ60 እና በ70 መካከል ያለው ልዩነት የጥቃቅን ጭረቶችና የአንጸባራቂነት ልዩነት ስለ ሆነ ላልሠለጠነ ዓይን በቀላሉ አይታይም። ትልልቁ የዋጋ ልዩነት ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው ላይ ነው።

ደረጃውን የሚያወጣው ሻጩ ራሱ በነበረበት ዘመን ችግሩ ግልጽ ነበር። ያው ነጋዴ ሲሸጥ «ያልተነካ» ያለውን ሳንቲም ሲገዛ «የተላጨ» ይለዋል። ከሽያጩ ጥቅም የሌለው ሦስተኛ ወገን ያስፈለገው ለዚህ ነው። አናክስ የተባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ሥር የተቋቋመው እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ነበር፤ ደረጃ መስጠት የጀመረው ኋላ ነው። ፒሲጂኤስ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ኤንጂሲ ደግሞ በ1987 ተከተሉ። አሠራራቸው በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። ከአንድ በላይ የሆኑ ባለሙያዎች የባለቤቱን ማንነት ሳያውቁ ሳንቲሙን ይመረምራሉ፤ የተስማሙበት ደረጃ ልዩ ቁጥር ባለው ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ሳንቲሙና ወረቀቱ በጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ አንድ ላይ ይታሸጋሉ። ድርጅቱ ከተሳሳተ ባስቀመጠው ውል መሠረት ይክሳል። ሰው ገንዘብ የሚከፍለው ለፕላስቲኩ አይደለም፤ ለዚህ ዋስትና ነው።

ደረጃ የማይነግረን

ደረጃ ጠቃሚ የመሆኑን ያህል ወሰንም አለው። አንደኛ፣ የሰው ፍርድ ነው። ያው ሳንቲም ከማኅደሩ ወጥቶ ሁለተኛ ቢላክ በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊመለስ ይችላል፤ ይህንኑ ተስፋ በማድረግ ደጋግመው የሚልኩ ነጋዴዎችም አሉ። ሁለተኛ፣ ማኅደሩ ራሱ በሐሰት ይሠራል። ስለዚህ የታሸገ ሳንቲም የሚገዛ ሰው በወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር በድርጅቱ መዝገብ ውስጥ ፈልጎ፣ ፎቶግራፍ ካለም ሳንቲሙን ከፎቶግራፉ ጋር ማስተያየት አለበት።

ሦስተኛውና ለእኛ ለታሪክ ሰዎች ዋናው ነገር ግን ደረጃ ሳንቲሙ ከየት እንደ መጣና በማን እጅ እንደ ነበረ አለመናገሩ ነው። ለዚህ ከሼልደን ከራሳቸው የበለጠ ምሳሌ የለም። የመለኪያው አባት በአሜሪካ የኑሚስማቲክ ማኅበር ስብስብ ውስጥ የነበሩ ምርጥ የመዳብ ሳንቲሞችን እያወጡ በምትካቸው ዝቅ ያሉትን ያስቀምጡ እንደ ነበር ከሞታቸው በኋላ ተረጋገጠ። ማኅበሩም የተወሰዱትን ለማስመለስ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው። ሌብነቱን ያጋለጠው የሳንቲሞቹ ደረጃ አልነበረም፤ የተሰረቀ ሳንቲምና በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ሳንቲም ደረጃቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ነገሩን የገለጡት እያንዳንዱን ሳንቲም በልዩ ምልክቱ የሚያሳዩ የቀድሞ መዛግብትና ፎቶግራፎች ናቸው። ይህን ነጥብ ኋላ እመለስበታለሁ።

በእኛ ገበያ የነበረው ምደባ

ሳንቲምን መርምሮ ደረጃ መስጠት ለአገራችን ባዕድ እንዳይመስለን። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ብር፣ እኛ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ የምንለው፣ ከመቶ ዓመት በላይ የገበያችን ገንዘብ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ተጓዦች እንደ ጻፉት፣ ሻጩ ብሩን ሲቀበል የንግሥቲቱን የካባ መቆለፊያ ዕንቁዎችና የራሷን ጌጥ አተኩሮ ያያል። ዕንቁዎቹ ጥርት ብለው ካልታዩት ብሩን አይቀበልም። ይህ ምደባ ነው። መዳቢው ግን ገዢውና ሻጩ ፊት ለፊት ቆመው፣ ብሩን በእጃቸው ይዘው፣ በአንድ ገበያ ልማድ የሚፈርዱ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ሦስተኛ ወገን ያስፈለገው ገዢው በሂዩስተን፣ ሻጩ በሮም ሆነው ስለማይተያዩ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው መመሪያችን ከዚህ ይወጣል፦ የባለሙያ ደረጃ የማይተዋወቁ ሰዎች ለሚያደርጉት ንግድ የሚያስፈልግ መተማመኛ ነው። ንግድ በሌለበት ወይም ተገበያዮቹ ሳንቲሙን በእጃቸው ይዘው በሚፈርዱበት ቦታ ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል።

በቤተሰቦቻችን እጅ ያሉ ሳንቲሞች

ወደ ተግባር እንምጣ። በኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች እጅ በብዛት የሚገኙትን አራት ዓይነቶች አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው ማርትሬዛ ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት አለው። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ሲቀረጽ ኖሯል። ሮም መቅረጽ የጀመረችው ከጣልያን ወረራ ዋዜማ አንሥቶ መሆኑን የታሪክ ተማሪዎቼ ልብ ይሏል። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚህም 23.39 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው። የኋለኛው ዘመን ቅጅ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከብሩ ዋጋ እምብዛም አይርቅም። ለእንዲህ ያለው ሳንቲም ደረጃ ማስወጣት ከሳንቲሙ ዋጋ የሚበልጥ ወጪ ሊጠይቅ ይችላል። ልዩ የሚሆነው የቀደምት መቅረጫ ምልክት ያለበት መሆኑን በዘርፉ የተጻፉትን መግለጫዎች ያጠና ሰው ከለየው ብቻ ነው።

ሁለተኛው የምኒልክ ብር ነው። በፓሪስ የተቀረጸ ሲሆን 28.075 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 835 እጁ ብር ነው። በግእዝ ቁጥር የተጻፈው ዓመት 1887፣ 1889፣ 1892 ወይም 1895 ይሆናል። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን የማያውቅ የውጭ ገዢ 1889ን እንደ ራሱ አቆጣጠር ሊወስደው ይችላል፤ ሳንቲሙ ግን ከአድዋ ድል ቀጥሎ በመጣው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1896 እና 1897 መካከል የሚውል ነው። ደረጃ የማስወጣት ጥያቄ በእርግጥ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። የምኒልክ ብር ሰብሳቢዎች በብዙ አገር አሉ፤ ሐሰተኛውም ይዘዋወራል፤ በተላጨውና ባልተነካው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነትም ሰፊ ነው።

ሦስተኛው 1936 የሚል ዓመት ያለበት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሳንቲም ነው። እነዚህም እንደ ማርትሬዛው ያንኑ ዓመት ይዘው ለብዙ ዓመታት ተቀርጸዋል። እጅግ ብዙ ስለ ሆኑ፣ ፈጽሞ ያልተነኩ ካልሆኑ በቀር፣ ወጪያቸውን አይመልሱም።

አራተኛው የአክሱም ሳንቲም ነው። አክሱም ከሦስተኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ ቀርጻለች። በንጉሥ ኢዛና ዘመን ግማሽ ጨረቃውና ክቡ በመስቀል ሲተካ፣ ሳንቲሙ ራሱ የሃይማኖት ለውጥ ምስክር ሆነ። በአንዳንድ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ምስል ዙሪያ የሚገኘው የወርቅ ልባጥ በጥንቱ ዓለም ብርቅ የሆነ ጥበብ ነው። ይህ ሳንቲም ደረጃ ከማስወጣት በፊት ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፦ ከየት ተገኘ? በትግራይ ማሳዎች ከዝናብ በኋላ ወይም በእርሻ ጊዜ የሚገኝ ሳንቲም ከተገኘበት ቦታ፣ ከጎኑ ካሉት ሸክላና ሌሎች ሳንቲሞች ጋር ካልተመዘገበ፣ ለምርምር ያለው ዋጋ አብዛኛው ጠፍቷል። ያንን ደግሞ የትኛውም የደረጃ ቁጥር አይመልሰውም።

ይገባል ወይ? ሒሳቡ

አሁን የምኒልክን ብር ይዘን እናስላ። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የሒሳቡን አካሄድ ለማሳየት ብቻ የመረጥኋቸው ናቸው። ሳንቲሙ ደረጃ ሳይወጣለት 200 ዶላር ያወጣል እንበል። የምደባ ክፍያው፣ የደርሶ መልስ መላኪያውና ኢንሹራንሱ ተደምረው 80 ዶላር ይሁኑ። ሦስት ውጤቶች ሊገጥሙን ይችላሉ። መካከለኛ ደረጃ ከወጣለት 240፣ ከፍተኛ ደረጃ ከወጣለት 600፣ የተበላሸ ነው ተብሎ ያለ ቁጥር ከተመለሰ 150 ያወጣል እንበል።

ባለቤቱ ስለ ሳንቲሙ ምንም የማያውቅ ከሆነና ከአሥር ዕድል አምስቱ መካከለኛ፣ አራቱ የተበላሸ፣ አንዱ ከፍተኛ ከሆነ፣ አማካይ ተስፋው 240 ዶላር ነው። 80ው ሲቀነስ 160 ይቀራል። እንዲያው ቢሸጠው 200 ያገኝ ነበርና ከስሯል። ሌላው ባለቤት ግን ሳንቲሙን በአጉሊ መነጽር መርምሮ፣ ያልታጠበና ያልተላጨ መሆኑን አረጋግጦ፣ ከአሥር ዕድል አራቱን ለከፍተኛ፣ አምስቱን ለመካከለኛ፣ አንዱን ለተበላሸ ቢሰጥ፣ አማካይ ተስፋው 375 ይሆናል። 80ው ሲቀነስ 295 ይቀራል። በሁለቱ መካከል የተለየው የድርጅቱ ክፍያ አይደለም፤ የባለቤቱ ዕውቀት ነው። ስለዚህ ደረጃ ማስወጣት የራሳችንን ምርመራ የሚተካ ሳይሆን ከምርመራው በኋላ የሚመጣ እርምጃ ነው።

«የተበላሸ» የሚባለው የትኛው ነው? የታጠበ፣ የተፋቀ፣ የተበሳ፣ ጌጥ ሆኖ የተበየደ ሳንቲም እውነተኛነቱ ተረጋግጦ፣ ጉድለቱ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ፣ ቁጥር ሳይሰጠው ይመለሳል። በአገራችን የብር ዕቃ በሎሚና በአመድ ማሸት የተለመደ ስለ ሆነ፣ ብዙ ቤተሰብ ሳንቲሙንም እንዲሁ ያበራዋል። እንዲህ ያለው ማብራት ፀጉር የመሰሉ ጭረቶችን ይተዋል፤ የመጀመሪያውን አንጸባራቂነት ይገፍፋል፤ ባለሙያው መብራት ሥር አዙሮ ሲያየው ወዲያው ያውቀዋል። የጠቆረ ብር አልተበላሸም። ስለዚህ አሮጌ ሳንቲም ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ አትጠቡት።

እዚህ ላይ የገበያውና የታሪኩ መንገድ የሚለያዩበትን አንድ ጉዳይ ላንሣ። በአሜሪካ የምትኖር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከአያቷ የወረሰችው ድሪ ላይ የተበየደ ማንጠልጠያ ያለው ማርትሬዛ አላት። አንድ ነጋዴ «ማንጠልጠያው ቢነቀል የተሻለ ደረጃ ይወጣለታል» ይላታል። እርሷም «መምህር፣ ላስነቅለው ወይ?» ብላ ጻፈችልኝ። የሰጠኋት መልስ ሁለት ክፍል ነበረው። በገበያው በኩል ምክሩ ስሕተት ነው፤ ብየዳው ሲነቀል ጠባሳ ይተዋል፤ ድርጅቱም ጠባሳውን ያያል፣ ቁጥርም አይሰጥም። በታሪኩ በኩል ደግሞ ያ ማንጠልጠያ ገንዘብ እንዴት ጌጥ፣ ጌጥ እንዴት የሴት ልጅ ሀብት እንደ ሆነ የሚመሰክር ሰነድ ነው። የኢትዮጵያ ሴት ባንክ በሌለበት ዘመን ቁጠባዋን በአንገቷ ይዛ ነው የኖረችው። ገበያው ጉድለት የሚለው ነገር ለእኛ ማስረጃ ነው። ማንጠልጠያው አልተነቀለም።

ይሁን እንጂ በዚያ ቤተሰብ ሌላም ነገር ነበረ። ወንድሟ ድርሻውን በገንዘብ ይፈልግ ስለ ነበር፣ በውርሱ ውስጥ የተገኙት ሁለት የምኒልክ ብሮች ያወጣሉ በሚባለው ላይ መስማማት አልቻሉም። እነዚያን ሁለቱን ወደ ድርጅት እንዲልኩ መከርኋቸው። ወንድምና እኅት በዋጋ ላይ መተማመን ሲያቅታቸው፣ ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ወገን የሚሰጠው ፍርድ ክፍያው የሚገባው ይሆናል። ደረጃን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ ይህን ጠቅሻለሁ። በቦታው ሲገባ መልካም ሥራ ይሠራል።

የት ይሰጥ?

መላክ ይገባል ብለን ከወሰንን የቦታው ጥያቄ አራት ነጥቦችን እንድንመዝን ይጠይቀናል።

አንደኛው ሳንቲሙን የሚገዛው ማን ነው የሚለው ነው። ደረጃ ዋጋ የሚኖረው ገዢው ድርጅቱን ሲያምነው ነው። በአሜሪካና በዓለም አቀፍ ጨረታ ላይ የፒሲጂኤስና የኤንጂሲ ማኅደር በሰፊው ይታመናል። ስማቸው የማይታወቅ፣ በርካሽ ክፍያ ለሁሉም ከፍተኛ ደረጃ የሚያድሉ ድርጅቶች የሚሰጡት ወረቀት ግን ገዢውን እንዲያውም ያስጠረጥረዋል።

ሁለተኛው ዋስትናው ምንን ይሸፍናል የሚለው ነው። ለምሳሌ ኤንጂሲ ለጥንታዊ ሳንቲሞች የተለየ ክፍል አለው። ከጠቅላላው ደረጃ ሌላ ለአቀራረጹና ለገጽታው ከ5 የሚታሰብ ነጥብ ይሰጣል፤ እውነተኛ ነው ብሎ ያመነበትን ብቻ ያሽጋል፤ ዋስትናው የጥንታዊ ሳንቲምን እውነተኛነት ይሸፍን እንደ ሆነ ግን ውሉን አንብቦ ማረጋገጥ ያሻል። ውሉን ሳያነብ የሚልክ ሰው ያልተገባለትን ቃል እንደ ተገባለት ቆጥሮ ይልካል።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። በአሜሪካ የሚኖር ሰው እዚያው አገር ውስጥ ይልካል፤ በአውሮፓ የሚኖር ደግሞ ፒሲጂኤስ በፓሪስ፣ ኤንጂሲ በሙኒክ ያላቸውን ቢሮ ሊጠቀም ይችላል። ድንበር በተሻገረ ቁጥር የጉምሩክ ሰነድና የመጥፋት ሥጋት ይጨምራል። ኢንሹራንስ የሌለው መላኪያ ክፍያው ስለ ረከሰ ብቻ ሊመረጥ አይገባም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚቀድመው ሕጉ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከኢትዮጵያ የሚወጣው ለሳይንሳዊ ጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን ዓላማ፣ ያውም በፈቃድ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ የአክሱም ሳንቲም ለደረጃ ተብሎ ከአገር የሚወጣበት መንገድ የለም። በአገር ውስጥ የሚገኝ የምኒልክ ብርም ቢሆን የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ሳይጠይቁ በፖስታም በሻንጣም መውጣት የለበትም። «አያቴ የተወችልኝ ነው» ማለት ስለ ባለቤትነት ይናገር ይሆናል፤ ፈቃድ ግን አይሆንም። በአገር ውስጥ ላለ ሰው የመጀመሪያው በር ማንነቱን መርምሮ ማስመዝገብ ነው። ለማነጻጸር የሚፈልግ ተማሪም በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየምና በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚገኙትን ስብስቦች ማየት ይችላል።

ከሁሉ በፊት

ይላክም አይላክም፣ እያንዳንዱ ባለቤት በገዛ ቤቱ ሊሠራቸው የሚገቡ ሦስት ሥራዎች አሉ።

የመጀመሪያው መመዘን ነው። የግራምን መቶኛ የሚለይ ትንሽ ሚዛን ላይ ሳንቲሙን መዝኑ። ከዚያ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ንባቡን ዜሮ አድርጉ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አሥራችሁ፣ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉ። የምኒልክ ብር ወይም ማርትሬዛ ከሆነና ብዙም ካልተላጨ ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ያሳያል። የመጀመሪያውን ክብደት በዚህ ስታካፍሉት 10.2 ገደማ ታገኛላችሁ፤ ይህ የዚያ ዓይነት የብርና የመዳብ ቅይጥ እፍግታ ነው። ቁጥሩ 8 ወይም 9 ከሆነ ብር አይደለም፤ ለደረጃ የታሰበው ገንዘብም ከኪስ አይወጣም። ቁጥሩ ትክክል መሆኑ ብቻውን እውነተኛነቱን አያረጋግጥም፤ ከእውነተኛ ብር የተሠራ ሐሰተኛም አለና። በማርትሬዛ ጠርዝ ላይ «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ መኖሩንም አብራችሁ ተመልከቱ። ይህን የውኃ ምርመራ በአክሱም ነሐስ ላይ አታድርጉ፤ ከመሬት የወጣ ነሐስ እርጥበት ይጎዳዋል።

ሁለተኛው ፎቶግራፍ ነው። ሁለቱን ገጾችና ጠርዙን፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን አንሡ። በሼልደን ጉዳይ የተሰረቀውን ያስለየው እንዲህ ያለ መዝገብ እንደ ነበር አትርሱ።

ሦስተኛው ታሪኩን መጻፍ ነው። ሳንቲሙ ከማን እጅ፣ መቼ፣ በየት አገር፣ በምን ምክንያት እንደ መጣ፤ ጥሎሽ ነበር ወይስ የእህል ዋጋ ወይስ ደመወዝ። የሚያውቁት አያቶች በሕይወት ሳሉ ተጠይቀው፣ በቃላቸው መጻፍ አለበት። የባለሙያ ድርጅት የዛሬ ሃያ ዓመትም በሩን ከፍቶ ይጠብቀን ይሆናል። ሳንቲሙ ያው ነው፤ በአግባቡ ከተቀመጠም ደረጃው አይለወጥም። ታሪኩን የሚያውቁት ሰዎች ግን እስከዚያ አይጠብቁንም።

ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ሰጥቼ ላብቃ። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ አንድ ሳንቲም ፈልጉ፤ መዝኑት፣ ፎቶግራፍ አንሡት፣ ታሪኩን ከባለቤቱ አፍ ጻፉት። ሲከፈት የክፍላችን መዝገብ በዚህ ይጀምራል። ደረጃ ይውጣለት አይውጣለት የሚለውን ውሳኔ ያኔ አብረን እንነጋገርበታለን፤ ያኔ የምንወስነው አውቀን ይሆናል።